ዊዳድ የተኛችበት ጫካ

ዓረብ አገር አረንጓዴ ነው ብዬ አምን ነበር። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፤ ንፋስ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጎነብሳል። ከመንደሩ ጫፍ ፏፏቴ አለ፤ ከፏፏቴው በታች የእንጨት ድልድይ፤ ከድልድዩ ወዲያ ጫካ። ሰዎቹ ረጃጅሞች ናቸው፤ ስማቸው ከራሳቸው በላይ አየር ላይ ተጽፎ የሄዱበት ይከተላቸዋል። ዝናብ ሲዘንብ ማንም አይሮጥም። እህቴ ዊዳድ እዚያ ነበረች። ነጭ ሻሽ አስራ፣ ቅርጫት አንግታ፣ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየዞረች ቅጠል ትለቅም ነበር። እንዲህ ባለ አገር ለምትኖር ልጅ እማዬ ለምን እንደምታለቅስ አይገባኝም ነበር።

አገሩን ያየሁት ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። እኛ የምንኖረው ኮምቦልቻ ነበር። ወንድሜ አብዱልባሲጥ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ይፈልጋል፤ እኔ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። እሁድ እሁድ እጄን ይዞ ሚኒባስ ያሳፍረኛል። አባዬን "ሱዓድን አክስቴ ሳሊሃ ጋ ላድርሳት፣ ናፍቃታለች" ይለዋል። አባዬ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ማሽን ላይ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን አደንዝዞታል። የባሲጥን ከንፈር አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ይደፈናል። ከመታጠፊያዎቹ በላይ ጉም ይውጠንና ረዳቱ መስኮት ዝጉ ይላል። ዓረብ አገር ከጉሙ ወዲያ እንደሆነ ለራሴ ወስኜ ነበር። ጉሙ ውስጥ እንገባለን፣ ስንወጣ ብርድ ነው፣ ከብርዱ ቀጥሎ የደሳለው ኢንተርኔት ቤት፣ ከዚያ ዊዳድ።

አክስቴ ሳሊሃ ጋ መሄዳችን ውሸት አልነበረም። የምንሄደው ግን በመጨረሻ፣ ለመመለስ ጥቂት ሲቀረን ነው። ዛሬ ሳስበው እኔ የተወሰድኩት ለሽፋን ነው። ሥራ የሌለው ጎረምሳ ብቻውን በየሳምንቱ ደሴ ቢወጣ ጫት ቤት ነው ይባላል፤ ትንሽ እህቱን ይዞ የሚሄደውን ማንም አይጠይቀውም።

አገሩ የኮሪያ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። የቤቱ ባለቤት ደሳለው፣ ከጃኬቱ ላይ ጋቢ የሚደርብ ቀጭን ሰው፣ ገና ለሙከራ እንደተከፈተና ከየአገሩ ሰው ገብቶ አብሮ እንደሚኖርበት ለመጣ ሁሉ ያወራል። ኮሪያዎች ትዕግሥታቸው ጤና አይደለም ይላል፤ ሣሩን አንድ በአንድ ነው ያበቀሉት፤ የኛ ኔትወርክ ነው እንጂ እግር የሚያስረን። እውነቱን ነው። ኔትወርኩ ሲደክም ሰዎቹ ሁሉ ባሉበት ይደርቃሉ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዘለው ሌላ ቦታ ይገኛሉ። እኔ የአገሩ ሰው አረማመዱ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ባሲጥ ከመጀመሪያዋ መንደር መውጣት አቃተው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጋሻውን አስቀድሞ ይመልሰዋል። ጽሑፉ ሁሉ በኮሪያ ፊደል ነው፤ ክብ፣ መስመር፣ ክብ፤ በረድፍ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ይመስላል። ባሲጥ ያገኘውን ይነካል። ዶሮ ይነካል፣ የውሃ ጉድጓድ ይነካል፣ የዳቦ ጋጋሪውን ምድጃ ይነካል። ደሳለው ከኋላው ቆሞ "ኬላ ላይ ተይዞ ቀረ" እያለ ይስቅበታል። አብረውት የጀመሩት ልጆች ቶሎ ሰለቻቸው። የኳሱ ጨዋታ ይሻላል፣ ይሄ ዝም ብሎ መሄድ ነው አሉ። ባሲጥ አልሰለቸውም። በበሩ ቀዳዳ ወደ ድልድዩ ያይ ነበር።

አንድ እሁድ በድልድዩ ላይ ቅርጫት ያነገተች ልጅ መጣች። ከራሷ በላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን ባሲጥ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ፤ ዊ፣ ዳድ። ጣቱን ከስሟ ላይ አላነሳም። ዊዳድ ከበሩ ጎን ወደተቀመጠች አንዲት አሮጊት መራችው። ለካ መጀመሪያ አሮጊቷን እጅ መንሳት ነበረበት። ዘበኛው ጋሻውን አንስቶ አሳለፈው።

"ይኸውልህ" አልኩት ደሳለውን፤ "ትልቅ ሰው ሳይሳለም ማን ያሳልፈዋል?"

ደሳለው ይህን ቃል ለወራት ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ከረመ።

እንዴት እንደተገናኙ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ዊዳድ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ስልኳን አሠሪዋ ወስዳባታለች። የቤቱ ልጅ ግን ይህን ጨዋታ ይጫወታል። ቅጠል መልቀሙ ሲሰለቸው በስሟ አንዲት ልጅ ፈጠረላትና አንቺ ልቀሚልኝ አላት። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል፣ እመቤቲቱ ቀትር ላይ ስትተኛ፣ ትለቅምለታለች። ስልኳ ከመወሰዱ በፊት ለባሲጥ የጨዋታውን ስም ነግራው ነበር። በቤቱ ውስጥ ሠራተኛ ነበረች፤ በዚያም አረንጓዴ አገር ሠራተኛ ነበረች። እኔ ቅርጫቷ ሲሞላ ደስ ይለኝ ነበር።

ሲገናኙ ከታች በኩል ጽሑፍ ይወርዳል፤ አማርኛ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እኔ የምለየው የኛን ፊደል ብቻ ስለነበር ባሲጥ ያነብልኛል። ሩዝ በዶሮ በልቻለሁ ትላለች። አልጋዬ መስኮት አጠገብ ነው ትላለች። የሱዓድን ፀጉር ማን ይሠራታል ትላለች። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ከተናገርኩ ከዚያ አገር ያስወጧታል አለኝ። ቤት ስንመለስ ለእማዬ ከጅዳ የመጣች ልጅ ደሴ አግኝቶ ዊዳድ ደህና ናት እንዳለችው ይነግራታል። እማዬ ዓይን ዓይኑን እያየች "የልጅቷ ስም ማነው?" ትለዋለች። በየጊዜው ሌላ ስም ይጠራል።

አልጋዋ መስኮት አጠገብ አልነበረም። የምትተኛው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነበር፤ ማታ ከውጭ ይቆለፍባታል። የፀጉሬ ነገር እውነት ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው ጫካ ተኩላ ነበረበት። ጥሩው ቅጠል የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ባሲጥ ተከትሏት ይሄድና ተኩላ ይመታላታል። ተኩላ የነከሰው ሰው ይወድቃል እንጂ አይጠፋም፤ ተዘርግቶ ይቆይና አንድ ቁልፍ ሲነካ መንደሩ መሐል ካለው ትልቅ ድንጋይ ሥር ይነሳል። ባሲጥ ራሱ ብዙ ጊዜ ወድቆ ተነስቷል።

የዚያን እሁድ ዊዳድ ብዙ ጻፈች። ባሲጥ አላነበበልኝም። ምን አለች ስለው "ቆይ" አለኝ። ከዚያ መጻፏን ተወች። ቅርጫቷ እንደተነገተ፣ የሻሿን ጫፍ ንፋስ እያነሳው፣ ቆማ ቀረች። ባሲጥ ይጽፋል፤ አትመልስም። ኔትወርኩ ነው እንዳልል ሣሩ ይወዛወዛል። ተኩላው መጣ። የባሲጥ እጅ ጽሑፉ ላይ ስለነበር ዘግይቶ ደረሰ። ዊዳድ ወደቀች፤ ሻሿ ሣሩ ላይ ተዘረጋ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ባሲጥ ተኩላውን ገድሎ አጠገቧ ቆመና አንዲት ቃል እየደጋገመ ጻፈ። አልተነሳችም።

ቅጠል ስትለቅም ውላ ደክሟት ነው ብዬ አሰብኩ። "ተዋት ትተኛ" አልኩት። ባሲጥ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ቀና ስል ጎረቤታችን ይታይሽ በሩ ላይ ቆማለች። ፎቶ ቤቱ የመጣችው ለልጇ የፓስፖርት ፎቶ ልታስነሳ ነው። ባሲጥን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ፈገግ አልኩላት። እኔን አላየችኝም፤ ሳትገባ ተመለሰች።

ይታይሽ ያየችው ምን እንደነበር አሁን አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ከዓረብ አገር በየስልኩ ፎቶ ይመጣ ነበር፤ ከፎቅ የወደቀች፣ አስፋልት ላይ የተዘረጋች የኛ አገር ልጅ። ጨዋታ አይታ አታውቅም። ነጭ ሻሽ ያሰረች ልጅ መሬት ላይ ተጋድማ፣ ወንድሟ ሲያለቅስ አየች። ገብታ ምን ብላ ትጠይቅ? እንዲህ ያለ ነገር በኛ ዘንድ አይጠየቅም። የሰማ ሰው ለቅሬው ዳኛ ይነግራል፤ ቅሬ ማለት የሰፈሩ የመቃብርና የሐዘን ማኅበር ነው። ዳኛው ሽማግሌ ይመርጣል፣ ድንኳን ያሰናዳል። እናቲቱ ሳትሰማ ትቆይና ጎህ ሲቀድ፣ እጇ ሥራ ሳይነካ፣ ተሰብስበው መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ ምሥጢሩን ሰፈሩ በሙሉ ይሸከመዋል።

ያ ሳምንት ለእኔ የደስታ ሳምንት ነበር። ሴቶች ወተት ይዘው ይመጣሉ። የእማዬን ውሃ ሌላ ሰው ይቀዳል፤ እሷም "ምን ሆናችሁ፣ ታመምኩ እንዴ?" እያለች ትስቃለች። ወሬ ይዘው ሳለ እኔ ስገባ ሁሉም ዝም ይላል። ይታይሽ መንገድ ላይ አግኝታ ሳመችኝና "አብሽሪ የኔ ልጅ" አለችኝ። በሸኽ ሱሌማን ግቢ፣ የቅሬያችን ዳኛ እሳቸው ናቸው፣ ትልቁ ድንኳን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ቀዳዳው ሲጣፍ አየሁ። ያንን ድንኳን የማውቀው በሰርግ ነው። ደመርኩት፤ ዊዳድ ልትመጣ ነው። ለእማዬ ድንገት እንዲሆንላት ስለፈለጉ ነው የሚደብቋት። ባሲጥ ብቻ ለምን እንደማይበላ አልገባኝም።

አንድ ቀን ከመስጊዱ አጥር ሥር ሸኽ ሱሌማን አስቆሙን። የባሲጥን እጅ ይዤ ነበር።

"ነገሩን ሰምተናል ልጄ" አሉት።

ባሲጥ መሬት መሬት እያየ "ከማን ሰሙ?" አለ።

"እሱ ምን ያደርግልሃል። አባትህ ያውቃል?"

"አያውቅም። እማዬም አታውቅም። እንዴት ብዬ ልንገራት፣ ሸኽ?"

"አንተ አትነግራትም። የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ እኛ እንነግራታለን። አንተ ጠንከር በል።"

ባሲጥ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ። የዚያን ዕለት ራቱን በላ።

ሸኽ ሱሌማን ያወሩት ስለ ሞቷ ነበር፤ ባሲጥ የሰማው ስለ መጥፋቷ። ዊዳድ ጫካው ውስጥ የጻፈችው ዛሬ ከዚህ ቤት እወጣለሁ፣ የት እንደምገባ አላውቅም፣ ለእማዬ እንዳትነግር የሚል ነበር። ሁለቱም ለእናቴ ሲሉ የነገሩን ስም አልጠሩም፤ ስሙን ስላልጠሩትም ተስማሙ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የብዙ ጫማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጣች አልኩ። የዒድ ቀሚሴን ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩና ወደ ግቢ ወጣሁ። ሰው ሞልቷል፤ ግን የሚስቅ የለም። ከአጥሩ ወዲያ ጎረምሶች የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው ቆመዋል። እማዬ ለሶላት የታጠበችበትን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ናት።

"ውዱ፣ ቁጭ በይ" አሏት ሸኽ ሱሌማን፣ እማዬን በስሟ ጠርተው።

"ለምን እቀመጣለሁ?"

"የሰጠው አላህ ነው፣ የወሰደውም እሱ ነው። ዊዳድ ወደ አኼራ ሄዳለች።"

ማንቆርቆሪያው ወደቀ። ውሃው ግቢውን አቋርጦ እግሬ ሥር ደረሰ። እማዬ አልጮኸችም፤ ሴቶቹ ናቸው የጮኹት። አባዬ ሸኽ ሱሌማን ሲናገሩ ከጀርባቸው ስለነበር ከንፈራቸውን አላየም። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ "ምን አሉ? ምን አሉ?" ይላል። ደግሞ የሚነግረው ሰው ጠፋ።

ባሲጥ ከቤት ወጣ። "አልሞተችም" አለ።

"ልጄ" አሉ ሸኽ ሱሌማን፤ "ባለፈው የተነጋገርነው..."

"ጠፋች እንጂ አልሞተችም። ከሰዎቹ ቤት ወጥታ ጠፋች። ሞተች ያለው ማነው?"

ይታይሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። በዓይኔ አይቻታለሁ አለች፤ ተዘርግታ፣ አንተ ስታለቅስላት።

"እሱ ጨዋታ ነው።"

ቃሉ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚሠራ ለማንም አልገባውም። ከንግግሩ ሁሉ አባዬ የሰማው እሱን ብቻ ነበር። "ጨዋታ?" አለ።

እማዬ እኔን አየችኝ። ቀሚሴን ይዛ ወደ ሰዉ አዞረችኝ። "እዩ" አለች፤ ድምጿ የሷ አይመስልም፤ "ልጅቱን እዩ። ልጅ ለለቅሶ እንዲህ አይለብስም። ልጅ ያውቃል።" ማንም ለምን ለበስሽ አላለኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። እማዬ ግን ቀሚሴን ጨብጣ አልለቅም አለች። የዘቢብ ቀለሙን፣ የእጅጌውን ዳንቴል፣ እጇ ውስጥ እንዴት እንደተጨማደደ ዛሬም አየዋለሁ።

ጎረምሶቹ ቋሚውን ይትከሉ ወይ ይመልሱ አላወቁም። ሸኽ ሱሌማን ትከሉት አሉ። ከድንኳኑ ሥር ገብተው እናቴን ዓውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት፤ ከዚያ ለጠፋችው ልጅ ዱዓ ተደረገ። ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያ ከለቅሶው ይልቅ አስፈራኝ።

የዚያን እሁድ አባዬ ባሲጥን "አሳየኝ" አለው። ሦስታችን ሐረጎን ወጣን። ደሳለው ወሬውን ሰምቶ ነበር፤ ሙዚቃውን አጥፍቶ የራሱን ትራስ ያለበትን ወንበር አመጣ። "አያ መሕሙድ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለው። ባሲጥ አሮጊቷን እጅ ነሳ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ጫካው ገባ።

"የት ነው የወደቀችው?"

"እዚህ።"

ሣር ብቻ ነበር።

"ቁጭ በል" አለ አባዬ።

"አባዬ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም። ተኩላ አለ።"

"እየመታህ ቁጭ በል። ተመልሳ ብትመጣ ሰው ይጠብቃት።"

ባሲጥ ተቀመጠ። አባዬ ጥቂት አየና "በግራህ" አለ። ከዛፎቹ መሐል ገና ጥላ ብቻ ነበር፤ ባሲጥ አላየውም፤ ደሳለውም አላየውም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከሺህ ክር መሐል የተበጠሰችውን አንዲት ክር ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ሰበብ አላስፈለገንም። አባዬ ራሱ "ደሴ እንውጣ" ይላል። ዊዳድ አልመጣችም። ሙከራው ሲያልቅ ኮሪያዎቹ ዓለሙን ዘጉት፤ አዲስ ሠርተው ሊከፍቱት ነው ተባለ። ደሳለው ይህን በር ላይ አልነገረንም። አባዬን አስገብቶ፣ ትራሱ ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ይዞ ነው የነገረው።

ዊዳድ የተመለሰችው አባዬ ካረፈ በኋላ ነው፤ ከእስር ቤት ወጥታ፣ ተመላሾችን ባመጣ አውሮፕላን፣ አንድ ፌስታል ይዛ። ከዚያ ቤት ወጥታ የት የት እንደኖረች አትናገርም፤ እኛም አንጠይቃትም። አሁን አባዬ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። ባሲጥ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አያነሳም። እማዬ ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ የጫማ ድምፅ ከሰማች ተነስታ ወደ ክፍላችን ትመጣለች። የዊዳድን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ጨበጥ አድርጋ፣ ሙቀቱን አይታ፣ ሳትናገር ትመለሳለች።

ባለፈው ዊዳድ ለከሰዓት ፈረቃ ስትለባበስ፣ ያን ዘመን ልጽፈው እየሞከርኩ እንደሆነ ነገርኳት። ከሣሩ፣ ከድልድዩ፣ ከአሮጊቷ ጀምሬ። ወድቃ እንደቀረች፣ እኔ የተኛች መስሎኝ እንደነበር።

"አልሄድኩም ነበር" አለች፤ "ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ሴትዮዋን እንቅልፍ እስኪጸናባት ቁጭ ብዬ አያችሁ ነበር። ተነሺ፣ ተነሺ ይላል። አንድ ቁልፍ ነች። ብነካት ድንጋዩ ሥር እነሳለሁ። ከተነሳሁ ደግሞ ያን ቀን አልወጣም፤ ባሲጥን ትቼ አልወጣም። እጄን ተቀመጥኩበት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። አባዬ በየሳምንቱ ደሴ እየወጣ እዚያው ቦታ ላይ ሲጠብቃት እንደከረመ ነገርኳት። የጫማዋን ማሰሪያ ይዛ ቆየች።

"ተኩላዎቹስ?"

"ባሲጥ ይመታቸዋል። አባዬ ደግሞ በየት በኩል እንደሚመጡ ይነግረዋል።"

"በየት በኩል ነበር የሚመጡት?"

"በግራ። ሁልጊዜ በግራ ነበር።"

"አዎ" አለች ዊዳድ። "በግራ ነበር።"

ማሰሪያዋን አስራ ወደ ሥራዋ ወጣች።